ገጽ እድሳት፦ አሮጌ አሎይ ቸርኬ በቤት ሲታደስ

ዝናብ በጣለ ማግስት ከቦንጋ ወጥቶ ወደ ማንኪራ የጫካ ቡና የዘለቀ መኪና ሲመለስ ከወገቡ በታች ቀይ ለብሶ ነው። የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ እንደሆነ የሚያምንባት ማንኪራ የምትገኘው በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ ነው። አፈሩ ደቃቅና ተጣባቂ ሲሆን ቅላቱን ያገኘው ውስጡ ካለው የብረት ኦክሳይድ ነው። የመኪናው አካል ላይ ያለው ጭቃ በአንድ ባልዲ ውሃ ይለቃል። ቸርኬው ላይ ያለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ በሚዘረጉት እጆች ጀርባ ገብቶ ይደርቃል፣ ከፍሬን ሸራ ብናኝ ጋር ይቦካል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ መልሶ ይርሳል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ይህ ዑደት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ውጤቱም በአሮጌ ቸርኬዎች ላይ በግልጽ ይታያል፦ የደበዘዘ ብር ቀለም፣ የተላጠ ጠርዝ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ።

ይህን ጉዳት የማስወገዱ ሥራ በባለሙያዎች ዘንድ «ሪፊኒሺንግ» ይባላል። ለዚህ ቃል የሚቀርበው የአማርኛ አቻ «ገጽ እድሳት» ነው። ትርጉሙም የአንድን ዕቃ ያረጀ የላይኛ ሽፋን አስወግዶ፣ ገጹን አስተካክሎ፣ አዲስ መከላከያ ሽፋን ማልበስ ማለት ነው።

«መልሶ መቀባት» ቢባል ይጠባል፤ ቅብ ሳይኖር በማለስለስና በመወልወል ብቻ የሚታደስ ገጽም አለና። «ጥገና» ቢባል ደግሞ ከልክ በላይ ይሰፋል፤ የተሰነጠቀና የተጣመመ ቸርኬን ማቃናትንም ይጨምራል። ገጽ እድሳት የሚመለከተው ገጽን ብቻ ነው። ይህ ወሰን የዚህ ሥራ ዋነኛ ቁምነገር ስለሆነ በኋላ በዝርዝር ይመጣል።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ራቭ ፎርና ፕራዶ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ቸርኬዎቻቸውም አብረው። የገጹ ሽፋን ካለቀ በኋላ ውስጡ ያለው ብረት መበላቱን ስለሚቀጥል ገጽን በጊዜ ማደስ የቸርኬውን ዕድሜ ያራዝማል።

በመጀመሪያ ግን ቸርኬው አሎይ መሆኑ ይረጋገጥ። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል፦ ከተጣበቀ ተራ ብረት ነው፣ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ብዙዎቹ ዶልፊንና አባዱላ የሚባሉት ሚኒባሶች ቸርኬያቸው ተራ ብረት ስለሆነ የሚያስፈልጋቸው የጸረ ዝገት ቅብ ነው፤ የአሎይ አያያዝ ከዚያ ይለያል።

አሎይ ማለት ቅይጥ ማለት ነው። ቅይጥ ቸርኬ በመኪና ላይ ታዋቂ የሆነው ቡጋቲ በ1924 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታይፕ 35 የውድድር መኪና ነበር። በዘመናችን ለቸርኬ በብዛት የሚያገለግለው ኤ-356 የሚባለው ቅይጥ ሲሆን አሉሚኒየም ውስጥ 7 በመቶ ገደማ ሲሊኮንና ከግማሽ በመቶ ያነሰ ማግኒዚየም ይገባበታል። ከቀለጠና ቅርጽ ከያዘ በኋላ 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል፣ በውሃ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በ150 እና በ180 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት ይቆያል። ጥንካሬውን የሚያገኘው በዚህ የሙቀት ሥርዓት ነው። አሮጌ ቅብ ለማስለቀቅ ተብሎ በእሳት የተለበለበ ቸርኬ ይህን ጥንካሬ ሊያጣ ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይለይም።

አሉሚኒየም አየር እንደነካው በራሱ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ጥቂት እጥፍ አይበልጥም። ቢሆንም ብረቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ይህ ሽፋን የሚጸናው አሲድነቱም አልካሊነቱም መጠነኛ በሆነ አካባቢ፣ በፒኤች መለኪያ ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ባለው ክልል ነው። ከዚህ ወሰን ሲወጣ ይሟሟል። በየቤቱ ለጽዳት የሚፈለጉት ነገሮች ለአሎይ የማይሆኑትም ለዚህ ነው። ድስት የሚፈገፈግበት አመድ አልካሊ ነው። በረኪናም አልካሊ ሆኖ ክሎሪን ይጨምርበታል። የባትሪ አሲድ ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ይገኛል። ሦስቱም ቸርኬን ለጊዜው አጽድተው ገጹን ያጠቁራሉ ወይም ያነጡታል። የድስት ሽቦም አይመከርም፤ ጥቃቅን የብረት ስባሪ አሉሚኒየሙ ውስጥ ትቶ ስለሚያልፍ በኋላ ዝገቱ ከዚያ ይነሣል።

እጥበቱ የሚጀመረው ቸርኬው ሲቀዘቅዝና ጥላ ሥር ሲሆን ነው። ትኩስ ብረት ላይ የፈሰሰ ሳሙና ወዲያው ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። በቂ ውሃ፣ በውሃ የቀጠነ ላርጎ፣ ለስላሳ ብሩሽና ለጠባቡ ቦታ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። አንዱ ቸርኬ ታጥቦና ተለቅልቆ ሳያልቅ ወደ ሌላው አይታለፍም። ደረቁን የፍሬን ብናኝ በኮምፕረሰር መንፋት ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ስላለ ብናኙ ሁልጊዜ በውሃ ረጥቦ ነው የሚወገደው። ከእጥበት በኋላም የሚቀሩ ብርቱካናማ ነጥቦች ከፍሬን በትኩሱ ተፈናጥረው ቅቡ ውስጥ የተተከሉ የብረት ቅንጣቶች ናቸው። እነሱን ለማሟሟት የተሠራ የብረት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ሲረጭባቸው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ሥራውን ሲጨርስ በብዙ ውሃ ይታጠባል።

ንጹሕ ቸርኬ ማንነቱን ያሳያል። ገጹ በሙሉ በቀለም የተሸፈነ ከሆነ በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ፊቱ በስስ ክብ መስመሮች የሚያብለጨልጭ ከሆነ በቶርኖ የተላገ ነው፤ ያንን መልክ በእጅ መመለስ አይቻልም። ቶርኖ ቤት ቢሄድም በየጊዜው ሲላግ ብረቱ ስለሚሳሳ ዕድሉ የተወሰነ ነው። በክሮም የተለበጠው ደግሞ ለለበጣ ባለሙያ ይተዋል። በቅቡ ሥር እየተጠማዘዙ የሚሄዱ፣ ትል የሄደበት የሚመስሉ ነጫጭ መስመሮች ከታዩ ጠጠር በከፈተው ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ አሉሚኒየሙን እየበላ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አዲስ ቅብ መደረብ ጉዳቱን መሸፈን እንጂ ማቆም አይሆንም። የተነሣው ቅብ ሁሉ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይፋቃል።

ሥራው እንዲሰምር ቸርኬው ከመኪናው ቢወጣ ይመረጣል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፣ ዳዶዎቹ መኪናው ሳይነሣ ይላላሉ። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እጅ አይገባም፤ ጠንካራ ቋሚ ድጋፍ ያስፈልጋል። ጎማው ከቸርኬው መለየት ካለበት ለጎሚስታ መስጠት ነው። ካልሆነ ከካርቶን የተቆረጡ ትናንሽ ካርዶች በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ዙሪያውን ተሰክተው ጎማውን ከቀለም ይከልላሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አብዛኛው በብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የፋቀው ቦታ በ120 ወይም በ180 ቁጥር ይስተካከላል፣ በ320 ይለሰልሳል፣ ጤነኛው ቅብ ደግሞ በ400 ይቧጠጣል፤ ዓላማው አዲሱ ቅብ የሚይዘው ሻካራ ገጽ እንዲያገኝ ነው። ጥልቀት የሌለው ጭረት በስቱኮ ተሞልቶ እንደገና ይለሰልሳል። ጎማው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ አየር የሚይዝበት ጠርዝ ላይ ግን ስቱኮ ፈጽሞ አይገባም። በመጨረሻ ገጹ በንጹሕ አልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ብቻ ቅብን ለማስለቀቅ ይበቃል። ጎማ እንዲያበራ ተብሎ ቀደም ሲል ናፍጣ የተቀባ ቸርኬ ደግሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ መጠረግ ይኖርበታል።

ቅቡ ሦስት ደረጃ አለው። ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ ፕራይመር መጀመሪያ ይመጣል፤ ለተራ ብረት የተሠራው በአሉሚኒየም ላይ በደንብ ላይይዝ ይችላል። ሁለተኛው ቀለሙ ሲሆን ሦስተኛው ክሊር የሚባለው ብርሃን አስተላላፊ የላይኛ ሽፋን ነው። ሁሉም በስሱ ተደጋግሞ ይረጫል፣ በየመካከሉም በጣሳው ላይ የተጻፈው የማረፊያ ጊዜ ይጠበቃል። በአንድ ጊዜ የተጫነ ወፍራም ቅብ ይንጠባጠባል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ይቀራል። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጨው የጋራዥ ክሊር አይሶሳያኔት ስላለው ተራ የአፍ መሸፈኛ አይበቃውም፤ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭንብል ላለው ባለሙያ ይተዋል።

ቀለም የማይነካቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፦ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት የጀርባ ገጽና ዳዶው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ። እዚያ የተቀባ ቅብ መኪናው ሲንቀሳቀስ እየተደቆሰ ይሳሳል፣ የዳዶውም ጥብቀት ይላላል። ስለዚህ ሁለቱም በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ።

በካፋ ቀኑን መምረጥም የሥራው አካል ነው። የቀለሙ ማቅጠኛ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ያርፍና ክሊሩ ነጣ ያለ ጭጋግ ይዞ ይደርቃል። የቦንጋ ዝናብ ረጅም ስለሆነ የሚመቸው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ቡናውም በአልጋ ላይ ተዘርግቶ የሚደርቀው በዚሁ በጋ ነው። በዚያም ወቅት ቢሆን የጠዋት ጉም ተገፎ፣ ነፋስ ሳይነሣ በፊት ያለው ሰዓት ይመረጣል።

የፍሳሹም ጉዳይ አለ። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የአካባቢው ውሃ ደግሞ ብዙው በጎጀብ በኩል ወደ ኦሞ ይወርዳል። የብረት ማስለቀቂያ ወይም ቲነር ያለበት ውሃ ወደ ጅረት መድፋት ከታች ላሉ ሰዎችና ከብቶች ጠንቅ ነው። መኪናን ወንዝ ውስጥ አቁሞ ማጠብ ይቅር። ያገለገለ ቲነር በክዳን ዕቃ ቢቀመጥ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የጠራው ብሩሽ ለማጠብ ተመልሶ ያገለግላል።

አሁን ወደ ወሰኑ። ገጽ እድሳት ስንጥቅን አያድንም። ጉድጓድ ላይ የተመታ ቸርኬ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውስጠኛው ጠርዝ ወይም በእጆቹ ጀርባ፣ ከውጭ በማይታይበት ስፍራ ነው። ምልክቶቹ ቀስ እያለ አየር የሚያጎድል ጎማና በፍጥነት ሲነዳ የሚንቀጠቀጥ መሪ ናቸው። የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋ የሚያወጣ ቦታ ካለ ስፍራው ይታወቃል። ስንጥቁን በአርጎን ብየዳ መድፈን የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ያለሰልሰዋል፤ የደፈኑት ስፍራ ጎን እንደገና ሊከፈት ይችላል። የተሰነጠቀ ቸርኬ መለወጥ አለበት። ከሁሉ የከፋው ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ በአዲስ ቀለም አሳምሮ መሸጥ ነው፤ የገዛው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ የሚነዳው በዚያ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ጋራዥ የሚያሠራ ሰው ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ቢጠይቅ፣ በደረሰኙም ላይ ለይቶ ቢያጽፍ ይጠቅመዋል፦ «የአራት ቸርኬ ገጽ እድሳት» በአንድ መስመር፣ «የስንጥቅና የመጣመም ምርመራ» በሌላ መስመር። ምርመራው መቅደም አለበት።

በቤቱ የሠራ ደግሞ ክሊሩ ቢያንስ 24 ሰዓት ደርቆ ከቆየ በኋላ ቸርኬውን መልሶ ይገጥማል። ዳዶዎቹ በዙሪያ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠብቃሉ፤ መጠኑ በመኪናው መመሪያ የተጻፈው ሲሆን ለብዙ የኮሮላ ሞዴሎች 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ ለምሳሌ ከቦንጋ ተነሥቶ ጅማ ሲደርስ፣ ሁሉም ዳዶዎች እንደገና በመለኪያ ቁልፍ ይፈተሻሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ላርጎና ውሃ እንጂ ሌላ ማጽጃ አዲሱ ገጽ ላይ አይፈስም።