የቅሬታ ኮሚቴ ውሳኔ፦ ምክር ነው ወይስ ፍርድ?

የሪዩኒየን ቡና ቀርቦ የዶርም ጨዋታ ሲሞቅ አንዱ ጣል የሚያደርጋት ነገር አትጠፋም፦ «ያ ልጅ እኮ ያለ ጥፋቱ ነው የተባረረው። ኮሚቴው እንኳ ልክ ነህ ብሎት ነበር።» ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ጥያቄው ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ኮሚቴው ልክ ነህ ካለው ለምን አልተመለሰም? ለመሆኑ የቅሬታ ኮሚቴ ውሳኔ በሕግ ፊት ክብደቱ ምን ያህል ነው?

ነገሩ የቆየ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ከፍርድ ቤቶች በላይ ያለው የመጨረሻው አቤቱታ ሰሚም የእርሳቸው ዙፋን ችሎት ነበር። እንግዲህ የታገደ ተማሪ በግቢው በኩል ወጣም በችሎት በኩል፣ መድረሻው አንድ ደጃፍ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ የሚለመነው ምሕረት እንጂ የሚጠየቅ መብት አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዙፋኑም ችሎቱም ሄዱ። ያ ዘመን ግን ተማሪ ቅሬታውን ይዞ ያለ ፍርሃት የሚቆምበት ዘመን አልነበረም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነፃ ማኅበር ይኑረን፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ ብለው ተነሱ። ነገሩ ከግቢ አልፎ ከተማ ገባ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የሚታመን ሰሚ ሲታጣ አቤቱታ አደባባይ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች ተከታተሉ፦ 351/1995፣ 650/2001፣ አሁን ደግሞ 1152/2011። ዩኒቨርሲቲዎች በቦርድ፣ በፕሬዚዳንትና በሴኔት እንዲተዳደሩ ሆነ፤ ሴኔቱም የውስጥ ደንብ ያወጣል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የተማሪ ቅሬታ ኮሚቴ የሚወለደው ከዚህ ደንብ ነው፤ ሥልጣኑም ደንቡ ከሰጠው አያልፍም። ደንቡ «ይወስናል» ካለ ሬጅስትራሩ መፈጸም አለበት። «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» ካለ ግን የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ኃላፊው እስኪፈርምበት ድረስ ምክር ነው። ብዙዎቻችን «ተፈረደልኝ» ብለን የተደሰትንበት ወረቀት ይኸኛው ዓይነት ነበር።

በአንድ ግቢ ውስጥ ያለውን ልዩነት እንመልከት። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ይተዳደር የነበረ ሠራተኛም በመጀመሪያ ያገኝ የነበረው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ኮሚቴ ነበር። ከሥራ ቢሰናበት ግን ከኃላፊው በላይ ወዳለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይል ነበር፤ የሕግ ስህተት አለ ካለም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ተማሪው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል፤ ተቋሙ ግን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ እንደ ዳኛ አይፈርድም። አራት ዓመት የለፋበት ዲግሪ ከአንድ ወር ደመወዝ ያነሰ ይመስል!

«ታዲያ ፍርድ ቤት የግቢ ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች የሚያነሱት አንድ የአሜሪካ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተፈቀደ ምግብ ቤት እንስተናገድ ብለው ተቀመጡ። ኮሌጁ ሳያናግራቸው አባረራቸው። በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ጥፋቱን ሊነግረውና ቃሉን ሊሰማ ይገባል ሲል ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ፈተና አላረመም፣ ዲሲፕሊንም ልምራ አላለም፤ የጠየቀው አካሄዱን ብቻ ነው።

በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ደንግጓል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ም የአስፈጻሚ ተቋማት ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚከለስበትን ሥርዓት ዘርግቷል። መምህሩ የሰጠውን «ሲ» ዳኛ «ቢ» ያድርገው የሚል የለም። ተማሪው ተሰምቷል ወይ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ተሰጥቶታል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን የዳኛ ሥራ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዛሬ ከመካከላችን በሴኔት የተቀመጡ፣ ዲን የሆኑ፣ ልጆቻቸውን ግቢ የላኩ አሉ። ደንቡ ሲሻሻል ሦስት ነገር ይግባበት እንበል፦ ኮሚቴው በስንት ቀን እንደሚወስን፤ ኃላፊው የኮሚቴውን ሐሳብ ሲጥል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፤ ይግባኙ የት እንደሚያበቃ። ያኔ የሚቀጥሉት ባቾች ሪዩኒየን ላይ የሚያወሩት ሌላ ወሬ ይሆናል።