ክንድ፣ ዘንግ እና ብርሃን

መንዝ ብርድ አገር ነው። በጓሳ ዙሪያ ያለው ደገኛ በግ ያረባል፤ ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ይሠራል። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ በማን ክንድ? ሻጭ በአጭር ክንድ፣ ገዢ በረጅም ክንድ ቢለካ ይወዳል።

ችግሩ የመንዝ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1889 አገሮች ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም የተሠራ አንድ ዘንግ የሜትር መለኪያ እንዲሆን ተስማሙ። ዘንጉ ፓሪስ አጠገብ በሴቭር ተቀመጠ። ይሁን እንጂ እርሱም ብረት ነው፤ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፣ ሊጎዳም ይችላል።

በ1860 ገደማ ቡንዘንና ኪርኾፍ የተባሉ ጀርመናውያን ሊቃውንት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱ የሆነ የብርሃን መስመር እንደሚያወጣ አሳይተው ነበር። አልበርት ማይክልሰንም በ1892 እና በ1893 ሴቭር ሄዶ ሜትሩን በካድሚየም ቀይ ብርሃን ለካው። የካድሚየም ብርሃን ፓሪስም ሆነ መንዝ ያው ነው፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር እንጂ ሻጭ ወይም ገዢ አይደለም። በ1960 ሜትር የክሪፕተን 86 ብርሃን 1,650,763.73 የሞገድ ርዝመት ነው ተባለ።

እዚህ ላይ ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ብርሃኑን የሚሰጠው መብራት ራሱ ይዋዥቃል። ሙቀት አተሞቹን ስለሚያራውጣቸው መስመሩ ይሰፋል፤ ግፊትና ኤሌክትሪክም ከቦታው ያንሸራትቱታል። ስለዚህ የክሪፕተኑን መብራት ከዜሮ በታች 210 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ አኖሩት። ሌዘር ከመጣ በኋላ ደግሞ ብርሃኑን ከአዮዲን ጋር አቆራኙት። ሌዘሩ ጥቂት ፈቀቅ ሲል አዮዲኑ ያጋልጠዋል፤ መሣሪያውም ወዲያው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሌዘሩ በራሱ አይተማመንም ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዲስ አበባ በላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችና የከዋክብትን ብርሃን የሚተነትን መሣሪያ አሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌሊት ብርድ ብረቱ ይኮማተራል። የታወቀ የማመሳከሪያ መብራት ከሌለ፣ መስመሩ የተንሸራተተው ኮከቡ ስለተንቀሳቀሰ ይሁን መሣሪያው ስለበረደው መለየት አይቻልም። ውኃ በብርሃን የሚመረምር ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው። ባለሙያው መብራቱን አብርቶ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ በዲዩቴሪየም የ656.1 ናኖሜትር መስመር መሣሪያውን ያመሳክራል። ይህ ካልሆነ ንጹሑ ውኃ ቆሻሻ፣ ቆሻሻውም ንጹሕ ይባላል፤ የሚጠጣው ሰው ይጎዳል።

ምሳሌ 20፥10 ጌታ ሁለት ዓይነት ሚዛንና መስፈሪያን እንደሚጸየፍ ይነግረናል። ወጣቶች ሆይ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱን መስፈሪያ የምንይዘው ለማጭበርበር ብለን አይደለም። እንደ ብረቱ ሞቅ ሲለን እንለጠጣለን፣ ሲበርደን እንኮማተራለን፤ የወደድነውን በረጅሙ፣ የተቀየምነውን በአጭሩ እንለካለን። ያው ግን ልካችን ትክክል ይመስለናል። የላቦራቶሪው ባለሙያ ናሙናውን ከመመርመሩ በፊት መሣሪያውን ይመረምራል። እኛም በወንድማችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት ልባችንን በማይለወጠው ቃል ፊት እናቅርብ፤ እስኪረጋም እንጠብቅ።