በአውስትራሊያ የጡረታ ዘመን መኖሪያ ምርጫ

የጡረታ ዘመን መኖሪያ ምርጫ ማለት ሥራ ያቆመ ወይም ለማቆም የተቃረበ ሰው ቀሪ ዕድሜውን በየትኛው አካባቢ፣ በምን ዓይነት ቤትና በምን ዓይነት ውል እንደሚያሳልፍ የሚወስንበት ሂደት ነው። በአውስትራሊያ ብዙ የሚወራው ስለ አካባቢው ነው፤ ኩዊንስላንድ ይሻላል ወይስ ታዝማኒያ፣ የባሕር ጠረፍ ይሻላል ወይስ ገጠር። ኋላ የሚያስደስተው ወይም የሚያስቆጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ውሳኔውን የሚወስነው የ65 ዓመት ጉልበተኛ ነው፤ በውሳኔው የሚኖረው ግን የ85 ዓመት አዛውንት ነው፤ የሁለቱ ፍላጎት ደግሞ እምብዛም አይገጥምም። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አበሉና ቤቱ

«ጡረታ» የሚለው የእኛ ቃል ከ«ጦረ» የመጣ ስለሆነ ልጅ ወላጁን መጦሩን ያስታውሳል። በአውስትራሊያ ይህ ሸክም የፌዴራሉ መንግሥት የሆነው በ1909 ነው። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ አበል መክፈል ጀመረ፤ ሴቶች ከ1910 መጨረሻ አንሥቶ በ60 ዓመታቸው እንዲያገኙ ተፈቀደ። ዛሬ ለሁለቱም ፆታዎች መነሻው 67 ነው፤ እዚህ የደረሰው በጁላይ 2023 ነው። ከአበሉ ጎን በ1992 ግዴታ የሆነው ሱፐራኒዩኤሽን፣ በአገሬው አጠራር «ሱፐር» አለ። አሠሪው ከደመወዙ በላይ በሠራተኛው ስም የሚያስቀምጠው ቁጠባ ነው፤ መጠኑ በየጊዜው እያደገ በጁላይ 2025 የደመወዙ 12 በመቶ ሆኗል። 60 ዓመት የሞላው ሰው ሥራ ሲያቆም ያወጣዋል።

አበሉ ለሁሉም እኩል አይሰጥም፤ ገቢና ንብረት እየታየ ይቀነሳል ወይም ይቀራል። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ግን ከንብረት ቆጠራው ውጭ ነው። የጡረተኞችን አሰፋፈር በማስወሰን ረገድ ከየትኛውም የአየር ጠባይ የበለጠ ኃይል ያለው ይህ አንድ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። በሲድኒ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሌላ ጥሪት ከሌላቸው ሙሉ አበል ይቀበላሉ። ቤቱን ሸጠው በግማሽ ዋጋ ትንሽ ቤት ቢገዙ ግን የተረፋቸው ገንዘብ ባንክ ገባም ሱፐር ገባም ይቆጠርባቸዋል፤ አበላቸው ይቀንሳል፣ ምናልባትም ይቋረጣል። ለዚህ ነው አምስት መኝታ ክፍል ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት «ለምን አይሸጡትም?» ሲባሉ ፈገግ ብለው ዝም የሚሉት።

መንግሥት ትልልቆቹ ቤቶች ለወጣት ቤተሰቦች እንዲለቀቁ ስለሚፈልግ ማባበያዎችን አውጥቷል። ከጁላይ 2018 ጀምሮ ቢያንስ አሥር ዓመት የያዘውን ቤት የሸጠ አረጋዊ ከሽያጩ እስከ 300,000 ዶላር ወደ ሱፐር ማስገባት ይችላል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው ነው። መነሻ ዕድሜው መጀመሪያ 65 ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ 55 ሆኗል። ሌላ ቤት ለመግዛት የታሰበ የሽያጭ ገንዘብም እስከ 24 ወራት ድረስ በንብረት ቆጠራው ውስጥ አይገባም። ማባበያዎቹ ጥቂት ሰዎችን አንቀሳቅሰዋል፤ ዋናው ሕግ ግን ባለበት ቆሟል።

ወደ ጠረፍ

የጡረተኞች ጉዞ ወደ ኩዊንስላንድ የተጀመረው በፀሐይ ምክንያት ነው ይባላል። ፀሐዩ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን በ1977 የክፍለ አገሩ መንግሥት የውርስ ግብርን ጨርሶ ማንሣቱም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ልጆቻቸው ግብር ሳይቆረጥባቸው እንዲወርሱ የፈለጉ የቪክቶሪያና የኒው ሳውዝ ዌልስ ባለጥሪቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጎልድ ኮስት ወረዱ። ሌሎቹ ክፍላተ አገር ነዋሪዎቻቸውን ላለማጣት ሲሉ ተከተሉ፤ የፌዴራሉ የውርስ ግብርም በ1979 ቀረ። ግብሩ ከመላ አገሪቱ ከጠፋ በኋላም ጉዞው አልቆመም። ሰው ወዳጁ የሄደበት ይሄዳልና።

ይህ ከከተማ ወጥቶ ጠረፍ ላይ የመስፈር ልማድ «ሲ ቼንጅ» ይባላል። ቃሉን በየቤቱ ያስገባው ከ1998 ጀምሮ በኤቢሲ ቴሌቪዥን የታየ፣ ከተማ ለቃ ወደ ትንሽ የባሕር ጠረፍ መንደር የሄደች ጠበቃ ታሪክ ነው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ደንና ኮረብታ የሚሄዱት ደግሞ «ትሪ ቼንጅ» አደረጉ ይባላል፤ ከሜልበርን በባቡር የሚደረስባቸው ባላራትና ቤንዲጎ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌዎች ናቸው። ቤቱን ሸጦ ወይም አከራይቶ፣ ተሳቢ ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ አገሩን የሚዞርም አለ። እነዚህን ሕዝቡ «ግሬይ ኖማድስ»፣ ማለትም ሽበታም ዘላኖች ይላቸዋል።

ስመ ጥር ከሆኑት የጡረተኛ ከተሞች መካከል በኩዊንስላንድ ሃርቪ ቤይና ብራይቢ ደሴት፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ፖርት ማኳሪና ፎርስተር፣ ከአደሌድ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቪክቶር ሃርበር፣ ከፐርዝ በታች ያለችው ማንጁራ ይገኙባቸዋል። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። ማንጁራ በ2007 መጨረሻ የባቡር መስመር ስለተዘረጋላት ከፐርዝ ሆስፒታሎችና ከልጆች ቤት ጋር ተገናኝታለች። ሰንሻይን ኮስት በ2017 ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አገኘች፤ ከዚያ በፊት ከባድ ሕመም የገጠመው ሰው ወደ ብሪዝበን መሄድ ነበረበት። የሃርቪ ቤይ ነዋሪ ግን ብሪዝበን ለመድረስ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

እሳትና ውኃ

ውብ የሆነው አካባቢ ብዙ ጊዜ አደገኛውም እሱ ነው። በዲሴምበር 2019 የመጨረሻ ቀን በቪክቶሪያ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለችውን ማላኩታን እሳት ሲከባት ነዋሪውና እንግዳው ወደ ውኃው ዳር ሸሸ፤ መንገዱ ስለተዘጋ ብዙዎቹን ያወጣቸው የባሕር ኃይል መርከብ ነው። በሰሜናዊ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በሊዝሞር፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2022 ወንዙ ከ14 ሜትር በላይ ሞላ፤ ሰዎች በሌሊት ጣራ ላይ ወጥተው በጎረቤት ጀልባ ተረፉ። ኋላ መንግሥት ለጎርፍ የተጋለጡ ቤቶችን ከባለቤቶቻቸው እየገዛ ማንሣት ጀመረ።

በእንዲህ ያሉ ቦታዎች የቤት መድን ዋጋ ንሯል፤ አንዳንዶች የጎርፍ ሽፋኑን ትተው ይኖራሉ። ቤት ከመግዛት በፊት የአካባቢውን አስተዳደር የጎርፍና የእሳት ካርታ ማየት፣ ከዚያም ለዚያው አድራሻ የመድን ዋጋ መጠየቅ የደላላን ቃል ከመስማት ይበልጣል። በክረምት ለሽርሽር ሄዶ የወደደውን ከተማ በበጋው ሙቀትና ወበቅ ያላየ ሰውም ገና አላወቀውም፤ አስቀድሞ ተከራይቶ አንድ ዓመት መቀመጥ ከአንድ ጊዜ የቤት ሽያጭ ወጪና ቀረጥ ይረክሳል።

መንጃ ፈቃዱ የተመለሰ ዕለት

በ65 ዓመት የመኪና መንገድ አርባ ደቂቃ ምንም አይደለም። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግን ዕድሜው 75 የሞላ አሽከርካሪ በየዓመቱ የሐኪም ማረጋገጫ ያቀርባል፤ 85 ሲሞላ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በመንገድ ላይ ይፈተናል፣ አለዚያ በቤቱ አካባቢ ብቻ የሚያስኬድ የተገደበ ፈቃድ ይቀበላል። አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ በሚያልፍበት መንደር ላሉት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሲድኒ በወርቃማው የኦፓል ካርድ የሚጓዝ አረጋዊ በቀን ከ2.50 ዶላር በላይ አይከፍልም፤ በኩዊንስላንድ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ማንም ሰው በ50 ሳንቲም ይሳፈራል። ርካሽ ታሪፍ የሚጠቅመው ግን አውቶቡሱ ሲኖር ነው።

ሕክምናውም እንዲሁ ነው። የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በመንግሥት ሆስፒታል በነፃ ያሳክማል፤ የልብ ወይም የካንሰር ሐኪሙን ግን ትንሹ ከተማ ድረስ አያመጣም። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ በአዲሱ የአረጋውያን እንክብካቤ ሕግ መሠረት ቤት ድረስ የሚሰጠው ድጋፍ ሠራተኛ በሌለበት ገጠር በወረቀት ላይ ይቀራል። የትዳር ጓደኛ ሞት ደግሞ ማንም አስቀድሞ ሊያስበው የማይወደው ነገር ነው። በጥንድ ሄደው በባዳ ከተማ አንዱ ሲቀር፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ወደ ልጆቻቸው አጠገብ የሚመለሱት ብዙ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የተዉት ከተማ የቤት ዋጋ ከእጃቸው አምልጧል።

የጡረተኞች መንደርና ውሉ

ዕድሜያቸው 55 ለሞላ ሰዎች ብቻ የተሠሩ መንደሮች በየክፍለ አገሩ አሉ። አትክልት ቦታ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የአስቸኳይ ጥሪ ደወል፣ ከሰዓት በኋላ ካርታ የሚጫወት ጎረቤት ይገኝባቸዋል፤ ብቸኝነትን ለሚፈራ ሰው እውነተኛ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ነዋሪው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ቤት ሳይሆን በቤቱ የመኖር መብት ነው። ሲወጣ ወይም ሲሞት ኩባንያው ለቆየበት ዘመን የመውጫ ክፍያ ይቆርጣል፤ ክፍያው በየዓመቱ እየጨመረ ሄዶ ከ25 እስከ 35 በመቶ ላይ መቆሙ የተለመደ ነው። በ500,000 ዶላር ለገባ ሰው 30 በመቶ ሲቆረጥ 350,000 ይቀራል። በውሉ ዓይነት ላይ ተመሥርቶ የዋጋው ጭማሪም በሙሉ ወይም በከፊል ለኩባንያው ሊሆን ይችላል፤ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያም አለ።

ይህ ራሱ ዝርፊያ አይደለም፤ መግቢያው ከአካባቢው የቤት ዋጋ ስለሚያንስ ልዩነቱ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው። ክፋቱ ዕዳው የሚመጣው ገንዘብ በብርቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት መሆኑ ነው። ወደ አረጋውያን መጦሪያ ተቋም የሚገባ ሰው ለክፍሉ ተመላሽ መያዣ ይጠየቃል፤ በጃንዋሪ 2025 ተቋማት ልዩ ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚያስከፍሉት ጣሪያ 750,000 ዶላር ሆነ። 350,000 የቀረው ሰው ይህን ሊሞላ አይችልም፤ ቀሪውን በየቀኑ ክፍያ ይሸፍናል። በዚያ ላይ የመንደሩ ቤት እስኪሸጥ ገንዘቡ ሊዘገይ ይችላል። ኩዊንስላንድ በዚህ ላይ ቅሬታ ስለበዛ ኩባንያዎች በ18 ወራት ውስጥ እንዲከፍሉ አስገድዳለች። ሕጉ የክፍላተ አገር ስለሆነ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ይለያያል፤ የቪክቶሪያን ውል ያነበበ ጠበቃ ለኩዊንስላንዱ አይበቃም።

ሌላው ዓይነት ቤቱ የነዋሪው፣ መሬቱ የኩባንያው የሆነበት ነው። የመውጫ ክፍያ ብዙ ጊዜ የለበትም፤ አበል ተቀባዩ ለመሬቱ ኪራይ የመንግሥት ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። የመሬቱ ኪራይ ግን በየዓመቱ ይጨምራል፤ ከባድ ቤትን ነቅሎ መሄድም በአፍ እንጂ በተግባር ቀላል አይደለም።

ከልጅ ጋር መኖር

በልጅ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ቤት በአገሬው «ግራኒ ፍላት» ይባላል። አባት ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ለልጁ ቤት ማስፋፊያ ሰጥቶ ዕድሜ ልኩን በዚያ መኖር ይችላል፤ አበሉን የሚከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴንተርሊንክም ለዚህ የተለየ ደንብ አለው፤ በደንቡ መሠረት ከሆነ ገንዘቡ እንደ ስጦታ ተቆጥሮ አበልን አይቀንስም። አደጋው ወረቀት አለመጻፉ ነው። ልጁ ቢፋታ ወይም ቢከስር ስሙ በቤቱ ሰነድ ላይ የሌለው ወላጅ ድርሻውን ማስከበር ይከብደዋል። ከ2021 ጀምሮ የግብር ሕጉም በጽሑፍ ለተደረገ ስምምነት ከትርፍ ግብር ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። ልጅን «ውል እንፈራረም» ማለት ነውር የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ሐበሻ ወላጆችም ከነዚሁ ናቸው።

ከኢትዮጵያ ለሄዱት

በአውስትራሊያ ያለው የኢትዮጵያውያን ኑሮ በብዛት ያረፈው በሜልበርን ምዕራብ፣ በፉትስክሬይና በዙሪያው ነው። እንጀራው፣ ቡናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ለቅሶ ደራሹ ያለው እዚያ ነው። አእምሮ ሲደክም በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ እንደሚጠፋ በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪው በርካሽ ቤት የሚታወቅ የጠረፍ ከተማ የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋ አለ። በ131 450 የሚሠራው የስልክ አስተርጓሚ ለሐኪም ቀጠሮ ያገለግላል፤ ለጨዋታ ግን አይሆንም።

አበሉን ለማግኘት በጠቅላላው አሥር ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አምስቱን ያለማቋረጥ በአውስትራሊያ መኖር ያስፈልጋል። አበሉ የተፈቀደለት ሰው ወደ ኢትዮጵያ ቢሄድ ክፍያው አይቋረጥም። ከ26 ሳምንታት በኋላ ግን ከ16 ዓመቱ እስከ ጡረታ ዕድሜው በአውስትራሊያ የኖረው ዘመን ይቆጠራል፤ 35 ዓመት ካልሞላ ክፍያው በዚያው ልክ ይቀነሳል። በ45 ዓመቱ ገብቶ በ67 ዓመቱ አበል የጀመረ ሰው 22 ዓመት አለው፤ ቢሾፍቱ ቢቀመጥ የሚደርሰው የሙሉው 22 ሠላሳ አምስተኛ ነው። ግማሹን ዓመት በኢትዮጵያ፣ ግማሹን በአውስትራሊያ እያሉ 26 ሳምንቱ ሳይሞላ ለመመለስ ቀን የሚቆጥሩ አሉ።