ተተርትሮ የተሸመነው ሰማያዊ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በአገሩ ቆየ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) የጉዞው መጽሐፍ በ1790 በኤዲንብራ በአምስት ጥራዞች በታተመ ጊዜ፣ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ዓባይ ምንጭ የተረከው ሰፊ ታሪክ የአንባቢውን ዐይን ሁሉ ወደ ራሱ ሳበ። ስለ ሸማኔዎች በመካከሉ ጣል ያደረጋት አንዲት አጭር ማስታወሻ ግን ብዙም ልብ ሳትባል ቀረች። ማስታወሻዪቱ የምትለው፣ የአገሩ ሸማኔዎች ሰማያዊ ቀለም ሲፈልጉ ከሕንድ ከሱራት ከተማ የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ይተረትሩና ክሩን ሰማያዊ ሊያደርጉት በሚሹት ሸማ ውስጥ መልሰው ይሸምኑታል ነው።

ነገሩ ሲታሰብ እንግዳ ነው። ጥጡ በሕንድ ገበሬ ተለቅሞ፣ በሕንድ እጅ ተፈትሎ፣ ተነክሮና ተሸምኖ፣ በመርከብ ቀይ ባሕርን፣ በበቅሎ ደግሞ ደጋውን አቋርጦ የመጣ ጨርቅ ነው። ያ ሁሉ ሥራ የተፈጸመበት ዕቃ እንደገና ወደ ክርነት ይመለሳል። ዛሬ ያገለገለን ዕቃ በሌላ መልክ መልሶ መሥራት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ቁጠባን ወይም ችግረኝነትን ነው። የጎንደር ዘመን ሸማኔ ግን ሲተረትር የሚቆጥበው ጨርቅ አልነበረም፤ የሚፈልገው ቀለሙን ብቻ ነው። የሱራት ጨርቅ ለእርሱ ማዕድን እንደ ያዘ ድንጋይ ነበረ።

ሰማያዊ ለምን ይህን ያህል አስቸገረ? ምክንያቱ ኬሚስትሪው ነው። ከቅጠል፣ ከሥርና ከልጥ የሚገኙት ቢጫና ቡናማ ቀለሞች አብዛኞቹ በፈላ ውኃ ይወጣሉ፤ ክሩም በዚያው ውኃ አብሮ ሲቀቀል ቀለሙን ይቀበላል። ኢንዲጎ የተባለው የሰማያዊ ቀለም ንጥረ ነገር ግን በውኃ አይሟሟም። እንዲሟሟ ከተፈለገ አመድ ወይም ኖራ በገባበትና አየር እንደ ልብ በማያገኝ ጋን ውስጥ መብላላትና ወደ ሌላ መልክ መለወጥ አለበት፤ ያን ጊዜ ውኃው ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላል። ክሩ ከዚህ ተነክሮ ሲወጣም ገና አረንጓዴ ነው። ነፋስ ሲያገኘው ወዲያው በተመልካቹ ፊት ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለሙም ከክሩ ላይ ተጣብቆ እንደ ቀድሞው የማይሟሟ ይሆናል። ጋኑ ሙቀቱና አመዱ ካልተጠበቀለት መብላላቱን ያቆማል፤ ነካሪው እንደ ሕያው ነገር ይቀልበዋል፣ ይጠብቀዋልም።

ለተርታሪው የጠቀመውም ይኸው የቀለሙ ጠባይ ነው። ጨርቁ ቢታጠብ፣ ቢዘፈዘፍ፣ ክሩም አንድ በአንድ ቢመዘዝ፣ ሕንዳዊው ነካሪ ያሰረው ሰማያዊ አይፈታም። የሽመናው ሥራ ይፈርሳል፤ የነካሪው ሥራ ግን እንዳለ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ ተክሉ ራሱ በኢትዮጵያ ምድር የሚበቅል መሆኑ ነው። ኢንዲጎፌራ አሬክታ የተባለው የኢንዲጎ ቁጥቋጦ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ኢትዮጵያም ከትውልድ አገሮቹ አንዷ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጃቫ ደሴት ከተወሰደ በኋላ በዚያ በሰፊው ለንግድ ተተክሏል። እንግዲህ የቀለሙ ቁጥቋጦ በሜዳው እያለ ቀለሙ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ሲመዘዝ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ሰምቶ የዘመኑን ባለሙያ በድንቁርና መክሰስ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። ሸማ በመላው ነጭ ነው፤ ቀለም የሚያስፈልገው ለጥለቱ ነው። ለጥቂት ጣት ስፋት ጥለት ሲባል ቅጠል የሚያመርት፣ አመድ የሚያነጥርና ጋን የሚቀልብ ሰው ዓመቱን ሙሉ ማቆም ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። አንድ ጣቃ ቢተረተር ደግሞ ለብዙ ሸማ ጥለት ይበቃል። ሒሳቡን የሠራ ሰው መተርተርን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

መተርተር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ድርና ማግን አንድ አድርጎ የሚይዛቸው ሙጫ አይደለም፤ ሰበቃ ነው። በእጅ በተሸመነ ጨርቅ ላይ ማጉ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ የተወረወረ ረዥም ክር ስለሆነ፣ ዳሩ ያልተቆረጠ ጣቃ ከተገኘ ጫፉን ይዞ እየመዘዙ ልቃቂት ማድረግ ይቻላል። ጨርቁ ለልብስ ተቀዶና ተሰፍቶ ከነበረ ግን መቀስ ባለፈበት ሁሉ ክሩ ተበጥሷል፤ የሚገኘው በየስንዝሩ የሚቀጠል ቁርጥራጭ ነው። ተለብሶ ካለቀ ልብስ ይልቅ ያልተቀደደው ጣቃ የሚመረጠው ስለዚህ ነው። የተመዘዘው ክር ፀጉር አውጥቶ የላላ እንደ ሆነ በእንዝርት ጥቂት ማክረር፣ ከዚያም በቀሰም ጠቅልሎ ወደ መወርወሪያው ማግባት ይበቃዋል።

ሰማያዊ በጥለት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ክርስቲያኑ ከጥምቀቱ ጀምሮ በአንገቱ የሚያስረውን ማተብ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ሰማያዊ የሐር ገመድ እንደ ሆነ ጽፈዋል፤ ሰማያዊ ሐርም በምጽዋ በኩል ከሚገቡት የንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። ማተቡ በሐር ክርነቱ የሚገባ ስለሆነ መተርተር አላስፈለገውም። የመግዛት አቅሙና መንገዱ ባለበት ክሩ ተገዛ፤ በሌለበት ጨርቁ ተፈታ።

ይህ ብልኀት የኢትዮጵያ ሸማኔ ብቻ ዕውቀት አይደለም። የዴንማርክ ነጋዴ የነበረው ሉድቪግ ሮመር በ1760 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዛሬዪቱ ጋና የአሳንቴ ንጉሥ ኦፖኩ ከኤውሮጳውያን የሐር ጨርቅ እየገዛ እንደ ተረተረ ዘግቧል። በዚያ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ምዕራብ አፍሪካ የኢንዲጎ ጋን ነበራት፣ ስለዚህ የተፈለገው ሰማያዊው ሳይሆን ሐሩና ሌላው ቀለሙ ነው። ሰማያዊን ከአሮጌ ጨርቅ ጋራ ለዘመናት ያስተሳሰረ አገር ከተፈለገ ወደ ጃፓን ሰሜን መሻገር ያሻል።

ዛሬ አኦሞሪ በተባለው የጃፓን ክፍለ ሀገር፣ በጹጋሩና በአካባቢው፣ ብርዱ ጥጥ አያስበቅልም። ገበሬው የሚለብሰው በኢንዲጎ የተነከረ የቃጫ ልብስ ነበር፤ በ1724 የጹጋሩ ገዢ ያወጣው የቁጠባ ደንብም ገበሬ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከለከለ። ሴቶቹ በሰማያዊው ቃጫ ላይ ነጭ የጥጥ ክር በመርፌ እያስገቡ ቀዳዳውን ደፈኑ፣ ትከሻውን አወፈሩ፤ ኮጊን የተባለው ጥልፍ የተወለደው ከዚህ ነው። ከደቡብ ከተሞች በመርከብ የሚመጣውን አሮጌ ሰማያዊ ጨርቅም ወደ ኋላ አላሉም። በቀጭን በቀጭኑ እየቀደዱ በማግ ቦታ ሸመኑት፤ ይህን ሽመና ሳኪኦሪ ይሉታል። ለሽመና የማይሆነውን ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየደራረቡ ሰፉት፤ ቦሮ የተባለው ይህ ድሪቶ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ በየትውልዱ ሌላ ሰማያዊ ይጨመርበታል። ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ለሌለው ቤት ይህ ውበት አልነበረም፤ ክረምቱን በሕይወት የማለፍ ጉዳይ ነበረ።

ባለቤቶቹ ኑሮ ሲሻሻል በቦሮው አፈሩ፤ ብዙው ተቃጠለ፣ ተጣለም። ታናካ ቹዛቡሮ የተባለ የአኦሞሪ ተወላጅ ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ ሰበሰበ። ከሰበሰባቸው በመርፌ የተጠቀጠቁ ልብሶች ውስጥ 786ቱን የጃፓን መንግሥት በ1983 የሕዝብ ባህል ቅርስ ብሎ መዘገባቸው።

የኢትዮጵያው ትርተራ እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ቢነሣለት እንኳ ሥራው ቀላል አይሆንም። ቦሮ ጣፊውን ያሳያል፤ የተተረተረ ክር ግን በጥለቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ታሪኩን ይደብቃል፣ ሸማኔው ጎበዝ በሆነ መጠንም ይበልጥ ይሰወራል። በ1897 የጀርመኑ ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ኩባንያ ሰው ሠራሽ ኢንዲጎን ለገበያ አቀረበ፤ ፋብሪካ የነከረው ክርም በቱባ እየታሰረ ወደ ሩቅ ገበያ ሁሉ ደረሰ። ያን ጊዜ የመተርተር ምክንያት ጠፋ። የቆዩት አልባሳት ከፊሎቹም በአገር ውስጥ አይገኙም፤ በ1868 ከመቅደላ ወደ ለንደን ከተወሰዱት መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ይሁን እንጂ ክር ያለፈበትን ይዞ ይኖራል። አንድ ጊዜ በጨርቅ ውስጥ ድሩን ከላይና ከታች እያለፈ የታጠፈ ማግ፣ ተመዝዞ ሌላ ስፋት ባለው ድር ሲሸመን፣ የፊተኛው እጥፋት ፈጽሞ ላይጠፋ ይችላል፤ በመምዘዝ የተበጠሰው ፀጉርና በኋላ የተጨመረው ክረትም ይታያል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸማዎች ላይ ይህን ለማጣራት የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮስኮፕና ከጥለቱ ጫፍ የተወሰደች የጥፍር ርዝመት ያላት ሰማያዊ ክር ነው።