የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፦ ማን ፈተነ? ማንስ ተጠየቀ?

አያቴ የቆርቆሮ ሣጥን ነበራት። ከቤት ካርታውና ከዕድር ደብተሩ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ የምታስቀምጠው አንድ ወረቀት ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷ። ፊርማዋን አሳምራ ትፈርማለች፤ አውራ ጣቷን ቀለም ማስነካት ከተወች ቆይታለች። ደብዳቤ ሲመጣ ግን «እስቲ አንብብልኝ» ብላ ለእኔ ትሰጠኛለች። ወረቀቱ ማንበብ እንደምትችል ይመሰክራል፤ እርሷ ግን አታነብም።

የዚህን ነገር ምክንያት ለማወቅ ወደ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ዘመቻው በዚያ ቀን ተጀመረ፤ በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች፣ ኋላም 93 በመቶ ያህሉን ሕዝብ ያዳርሳሉ በተባሉ 15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ይህን ያህል ቋንቋ ወደ መማሪያ ክፍል ያስገባ መንግሥት ከዚያ በፊት አልነበረንም፤ ደርግን የሚጠላ ሰውም (ይህ ጸሐፊ አንዱ ነው) ይህን ሊክድ አይገባውም። መንግሥት ባወጣው መረጃ መሠረት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ የቤት እመቤቷ፣ በሥራው ተሰልፈዋል። ከ22 ሚሊዮን በላይ የጀማሪ መጽሐፍ ታድሏል። እስከ 12ኛው ዙር ማብቂያ፣ ማለትም እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ወደ 17 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ 12 ሚሊዮን ያህሉ ፈተናውን አልፏል፤ ከተመዘገቡት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ከመሃይምነት ማጥፊያ ሽልማቶቹ አንዱን ለኢትዮጵያ ሰጥቷል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የቁጥር ታሪክ ግን ግራ ያጋባል። ከአብዮቱ በፊት ከ10 በመቶ በታች የነበረው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ በ1984 እ.ኤ.አ. 63 በመቶ ደረሰ ተባለ። ለዚያው ዘመን ሌሎች ምንጮች የገመቱት 37 በመቶ ገደማ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 23 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ገለጠ።

ሚዛኖቹ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቆጠራው ሰውን አልፈተነም፤ ጠይቆ መዘገበ እንጂ። በመካከሉም ጦርነት፣ ረኀብና ትምህርት ቤት ያላገኘ አዲስ ትውልድ አለ። ይህ ሁሉ ከልዩነቱ ከፊሉን ያስረዳል። የቀረው ግን የአለካኩ ጉዳይ ነው። ተማሪውን ያስተማረው፣ የፈተነው፣ ውጤቱን የመዘገበውና ሪፖርቱን ወደ ላይ ያሳለፈው አንድ የዘመቻ ሰንሰለት ነበር። ብዙ ተማሪ ወደቀብኝ የሚል የዘመቻ ጣቢያ ድክመቱን በራሱ ላይ ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ደግሞ በዚያ ዘመን ማን ይደፍራል? ተጠያቂነት አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ነው። ነበረ፤ አቅጣጫው ግን ወደ ላይ ብቻ ነበር። ጣቢያው ለኮሚቴው፣ ኮሚቴው ለበላዩ ይመልሳል። ለተማሪዋ የሚመልስ ማንም አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ «ዛሬስ ታነቢያለሽ?» ብሎ የጠየቃትም የለም። ከ9 ሚሊዮን በላይ የማጠናከሪያ መጽሐፍ መታተሙ ተመዝግቧል፤ ስንቱ ተገልጦ እንደተነበበ ግን ከኅትመቱ ብዛት አይታወቅም።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የሚያሳየው በንጉሡ ዘመን የተጀመረው ከሥራ ጋር የተያያዘ የጎልማሶች ትምህርት ፕሮጀክት ነው። ኢትዮጵያ ከ11 አገሮች አንዷ ሆና በዩኔስኮ የዓለም አቀፍ የሙከራ ፕሮግራም ገብታ ነበር። ያ ፕሮግራም ከዘመቻው አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው። ሆኖም በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመው ግምገማ በተመዘገቡትና ትምህርቱን በጨረሱት መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ሙከራ በመባሉ ጉድለቱን ለመናገር ነፃነት ነበረው። ዘመቻ ግን ድል እንጂ ሙከራ አያውቅም፤ ስሙ ራሱ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው።

ደርግ ወደቀ፤ ምስክር ወረቀቶቹ በየሣጥኑ ቀሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎቹ የምስክር ወረቀት አልጠየቁም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላልደረሰ ሰው በካርድ ላይ የተጻፈ አጭር ዓረፍተ ነገር አሳይተው «አንብቡልኝ» አሉ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ከዓረፍተ ነገሩ ጥቂቱን እንኳ ማንበብ የቻሉት፣ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት ተጨምረው፣ 29 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 59 በመቶ። ከእነዚህ ሴቶች መካከል በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው በዘመቻው ክፍል የተቀመጡ እንደነበሩ አያጠራጥርም።

ያንን ካርድ ለአያቴ ያሳያት የለም። ዕድሜዋ ከ49 አልፎ ስለነበር በጥናቱ አትገባም።