የአራስ ልጅ ዓይን ለምን ቢጫ ይሆናል? ከአይጥ ጉበት የተገኘው መልስ

ልጅ በተወለደ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ላሊበላም ሆነ ላስታ ደጋ ላይ «የወፍ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። አንዱ ፀሐይ ያሞቃል፣ ሌላው «ይለቀዋል» ብሎ ይጠብቃል። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እናያለን።

ቢጫው ከየት ይመጣል?

ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይፈጠራል። ጉበት በአንድ ኢንዛይም ቀይሮት ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ በሰገራ ይወጣል። ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ ግን ቢሊሩቢኑ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እናቱ ስለሚያልፍ ሥራውን የምትሠራለት እሷ ናት። ስለዚህ ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ እንኳ ሲወለድ የዚህ ኢንዛይም አቅሙ ከአዋቂ ሰው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዋቂውን ለመድረስ 3 ወር ያህል ይፈጅበታል።

አይጦች ምን አሳዩን?

አይጥ የምታረግዘው 3 ሳምንት ገደማ ስለሆነ የፅንሷን ጉበት ቀን በቀን መከታተል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስኮትላንድ ዳንዲ የተሠሩ ጥናቶች፣ የጉበት ኢንዛይሞች ሁሉም ባንዴ እንደማይነቁ አሳይተዋል። አንዱ ቡድን ከልደት ጥቂት ቀን ቀድሞ ይነሳል፤ ቢሊሩቢንን የሚያስወግደው ግን የሚጨምረው በልደት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ «ጉን» የሚባሉት፣ ቢጫነታቸው የማይለቅ አይጦች ታወቁ። ይህ ኢንዛይም በዘር የማይሠራላቸው ናቸው፤ ቢሊሩቢን ሲበዛ አንጎልን እንደሚጎዳም በእነሱ ላይ ታይቷል።

ፀሐይ ማሞቅስ?

ብርሃን ቢሊሩቢንን ያለ ኢንዛይሙ እርዳታ መውጣት ወደሚችል ቅርጽ እንደሚለውጠው እውነት ነው። የሆስፒታሉ ሰማያዊ መብራት የሚሠራው በዚሁ ነው። የጠዋት ፀሐይ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ራቁቱን የወጣ አራስ ወይ ይበርደዋል ወይ ቆዳው ይቃጠላል። ስለዚህ ሕክምናን አይተካም።

መቼ ነው መሮጥ ያለብን?

– ቢጫነቱ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ
– መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ
– ጡት እምቢ ካለ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ፣ በቀጭን ድምፅ ካለቀሰ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ ወይም ካንቀጠቀጠው
– ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሰገራው ነጣ ካለ

ከነዚህ አንዱ ካለ ማደር የለም፤ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ነው። የተጎዳ አንጎል ወደ ነበረበት አይመለስም። ከሩቅ ቀበሌ በእግር ወይም በቃሬዛ የሚመጣ ሰው የመንገዱን ሰዓትም አብሮ ያስላ።

እቤት ምን እናድርግ?

አራስ ቤቱ ጨለማ ከሆነ ቢጫነቱ ይደበቃል። በየቀኑ ልጁን ወደ በሩ ብርሃን አቅርባችሁ፣ የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ፤ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ቢጫው ወለል ብሎ ይታያል። ቅቤ ማቅመሱ ይቅርና በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ። እንገር የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ቶሎ ስለሚያስወጣ፣ ቢሊሩቢኑ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይመለስ ያግዛል። ጉበቱ ሥራውን እስኪለምድ እናቱ የምታግዘው በጡቷ ነው።