ውድድር ማሳጠር ዶፒንግን ይቀንሳል? የቱር ደ ፍራንስ ተሞክሮ

በብስክሌት ስፖርት የአበረታች መድኃኒት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ አብሮ ይነሳል፤ ውድድሩ ከሰው አቅም በላይ ስለከበደ ነው ተወዳዳሪው መድኃኒት የሚወስደው፣ ስለዚህ መንገዱ ይጠር፣ ዳገቱም ይቀነስ የሚል። መከራከሪያው ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1924 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቱር ደ ፍራንስ ሦስተኛው የውድድር ቀን ከሼርቡር እስከ ብሬስት 405 ኪሎ ሜትር ነበር። የቀደመው ዓመት አሸናፊ አንሪ ፔሊሲዬ፣ ወንድሙ ፍራንሲስና ሞሪስ ቪል ኩታንስ ከተማ ላይ ውድድሩን ጥለው ካፌ ገቡ። ጠቡ የማልያ ነበር፤ ደንቡ ለብሰው የጀመሩትን ልብስ መጣል ስለሚከለክል፣ ጠዋት አንድ ዳኛ የአንሪን ማልያ ገልጦ ስንት እንደደረበ አይቶበታል። ጋዜጠኛው አልቤር ሎንድር ሲደርስባቸው ግን ጨዋታው ከማልያ ወደ ከረጢት ዞረ። ለዓይን ኮኬይን፣ ለድድ ክሎሮፎርም፣ ከዚያም ክኒኑ በየዓይነቱ ወጣ።

አዘጋጆቹ ስለ ርዝመቱ የተሰነዘረውን ወቀሳ ውለው አድረው የሰሙት ይመስላል። በ1926 እስከ 5,745 ኪሎ ሜትር የደረሰው ቱር በዚህ ምዕተ ዓመት በአብዛኛው 3,500 ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛው ኢፒኦና ደም መቀበል የነገሡበት ዘመን የመጣው መንገዱ ካጠረ በኋላ ነው። በ1998 ፌስቲና የተባለው ቡድን ከተጋለጠበት የዶፒንግ ቅሌት ማግስት የተካሄደው ውድድር «የመታደስ ቱር» ተባለ፤ አሸናፊው ላንስ አርምስትሮንግ ሆነ፣ አማካይ ፍጥነቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አለፈ። ድሉ በ2012 ከሌሎች ስድስት ድሎቹ ጋር ተሰረዘበት።

ዳገት ለሁሉም እኩል ዳገት ነው። ተወዳዳሪን የሚፈትነው ከጎኑ ያለውን መቅደሙ ነው፤ ይህ ፈተና ደግሞ በ60 ኪሎ ሜትርም በ400ም አለ። በየካቲት 2019 የኦስትሪያ ፖሊስ ዜፌልድ ላይ አንድ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪን ደም ሲቀበል እጅ ከፍንጅ ሲይዘው፣ በዕለቱ የሚካሄደው ከ40 ደቂቃ ብዙም የማይርቅ የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ነበር። ያው የምርመራ መዝገብ ብስክሌተኞችንም ይዞ መጥቷል። በ2018ቱ ቱር የታየው 65 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የተራራ ውድድርም ለተመልካች ድንቅ ነበር፤ በፀረ ዶፒንግ እርምጃነት ግን አልቆጥረውም።

ርዝመት ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ሦስት ሳምንት በተከታታይ የሚለፋ አካል የደሙን ፈሳሽ ክፍል ያበዛል፤ በዚህም የተነሳ የሄሞግሎቢን መጠኑ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ እያለ ይሄዳል። ደም የመቀበል ፍላጎት የሚመጣው ከዚሁ ነው። የአርምስትሮንግ ቡድን ባልደረባ የነበረው ፍሎይድ ላንዲስ በ2010 እንደተናገረው፣ በ2004 የቡድኑ አውቶቡስ ሞተሩ የተበላሸ መስሎ በተራራ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተወዳዳሪዎቹም ውስጥ ተጋድመው ደም ተሰጣቸው። ወደ ማታለል የገፋው ይኸው የሄሞግሎቢን መውረድ ግን በ2008 የተወዳዳሪውን የደም ውጤቶች በየጊዜው የሚመዘግበው ባዮሎጂካል ፓስፖርት ሲጀመር ለመርማሪውም ጠቀመ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደሙ እንደ መጀመሪያው ቀን የሆነ ተወዳዳሪ ማብራሪያ ይጠየቃል። ታላላቆቹን ውድድሮች ወደ አንድ ሳምንት እናውርድ የሚሉ ወገኖች ይህን የዘነጉት ይመስለኛል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ሄሞግሎቢኑ በቅጡ ሳይወርድ ውድድሩ ያልቃል፣ መርማሪውም የሚያነጻጽርበት ያጣል።

በእርግጥ ፓስፖርቱም መሸወጃ አላጣም። የብስክሌት ስፖርቱን ዶፒንግ እንዲመረምር የተቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በወቅቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ምርመራ እንደማይደረግ የሚያውቁ ተወዳዳሪዎች ኢፒኦን በጥቂት በጥቂቱ ማታ ማታ ይወስዱ እንደነበር አመልክቷል። እንግዲህ የውድድር አዘጋጅ ሊያስብበት የሚገባው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰዓቱ ነው። ተወዳዳሪው የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ሆቴል እስኪገባ ስንት ሰዓት ከዓይን ይሰወራል? ቡድኖች በየራሳቸው አውቶቡስ ረጅም መንገድ የሚጓዙበት ምሽት፣ ካርታ ላይ ቀላል ቢመስልም፣ ከየትኛውም ተራራ በላይ ለዚህ ሥራ ያመቻል።

ከሰዓቱ ሌላ፣ ቡድኖች ደረጃ የሚያገኙበት የነጥብ ሥርዓትም የውድድሩ ንድፍ አካል ነው። በ2022 መጨረሻ ቡድኖች በሦስት ዓመት ነጥባቸው ከከፍተኛው እርከን እንዲወርዱ ሲደረግ፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ የተቃረበ መካከለኛ ተወዳዳሪ ትንንሾቹን ውድድሮች ሁሉ እያሳደደ ነጥብ እንዲለቅም ተገፋ። ይህ ጫና ሞን ቫንቱን የመሰለ ተራራ ቢያስቀሩ አይቀልም።

የዕረፍት ቀናት ለደም መቀበያ ስለዋሉ ጨርሶ ይቅሩ የሚለውን ሐሳብ ግን አልደግፍም። ቀኑ ሰውነት የሚያገግምበት ነውና ይኑር፤ በዋዜማው ምሽትና በማግስቱ ንጋት ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ደም ተወስዶ ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ይታዩ፣ የዕረፍቱም ከተማ የዋዜማው ውድድር የሚያበቃበት ከተማ ራሱ ይሁን።